ዕርቅ ደምን ስለ ማድረቁ፤ የገባዖን መሐላና የዐፄ ሱስንዮስ ዐዋጅ

በመጽሐፈ ኢያሱ በ9ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የገባዖን ሰዎች ነገር ለነገሥታትና ለመኳንንት፥ ሕዝብን ለሚያስታርቁ ካህናትም ታላቅ ትምህርት አለበት። የገባዖን ሰዎች ኢያሪኮና ጋይ እንደ ጠፉ በሰሙ ጊዜ ፈሩ፤ ያረጀ ጫማ ተጫምተው፥ የተቀደደ አቍማዳ በአህያ ጭነው፥ የሻገተ እንጀራ ሰንቀው፥ ከሩቅ አገር የመጡ መስለው ወደ ኢያሱ ቀረቡ። ኢያሱና የሕዝቡ አለቆችም እግዚአብሔርን ሳይጠይቁ የሰላም ቃል ኪዳን ማሉላቸው። ከ3 ቀን በኋላ ግን ጎረቤቶች እንደ ሆኑ ታወቀ፤ ማኅበሩም በአለቆቹ ላይ አጕረመረመ። አለቆቹ ግን በእግዚአብሔር ስም የማሉትን መሐላ ማፍረስ አልወደዱም፤ የገባዖንን ሰዎች እንጨት ለቃሚና ውሃ ቀጂ አድርገው በሕይወት አኖሯቸው። ከዚያም በኋላ 5 ነገሥታት ገባዖንን በከበቡ ጊዜ ኢያሱ ሌሊቱን ሁሉ ተጕዞ ደረሰላቸው።

ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስል ነበር። ዳሩ ግን ብዙ ትውልድ ካለፈ በኋላ ሳኦል ለእስራኤል የቀና መስሎት የገባዖንን ሰዎች ፈጀ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ በ21ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ በዳዊት ዘመን 3 ዓመት ረኃብ ሆነ፤ ምክንያቱም ያ የፈረሰ መሐላ እንደ ሆነ ለዳዊት ተነገረው። ዳዊትም የገባዖንን ሰዎች ጠርቶ በምን ላስተሰርይ ብሎ ጠየቃቸው። ብርና ወርቅ አልፈለጉም፤ ከሳኦል ወገን 7 ሰዎች እስኪሰጧቸው ድረስም ነገሩ አልበረደም።

ከዚህ ታሪክ አንድ ጥያቄ ይወጣል፤ ይኸውም የሰላምን ቃል መቀበል ጦርነትን በእውነት ይፈጽማልን? የኢትዮጵያ ሽማግሌዎች ዕርቅ ደም ያደርቃል ይላሉ። ደግሞም እነዚያው ሽማግሌዎች የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ሁለቱ ምሳሌዎች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም እውነት ናቸው። እንዴት አድርገው እውነት እንደ ሆኑ ለማወቅ በጣና ሐይቅ ዙሪያ በ1624 ዓ.ም. የሆነውን መመልከት ይበቃል።

ዐፄ ሱስንዮስ ከረዥም የሽፍትነትና የጦር ዘመን በኋላ ዙፋኑን ይዘው በ1600 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ጫኑ። በዚያን ዘመን የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህር ፔድሮ ፓኤዝ ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ በትምህርቱና በትሕትናው በንጉሡ ዘንድ ተወደደ። ንጉሡም የመኳንንቱን ኀይል ለመግታትና ከፖርቱጋል ወታደርና ነፍጥ ለማግኘት ተስፋ አድርገው ወደ ሮም ሃይማኖት አዘነበሉ። በ1609 ዓ.ም. አማቻቸው ዮልዮስ ስለ ሃይማኖት ብሎ ተነሣ፤ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም ከእርሱ ጋራ ነበሩ፤ ሁለቱም በአንድ ሰልፍ ወደቁ። በ1614 ዓ.ም. ንጉሡ የሮምን ሃይማኖት መቀበላቸውን በግልጥ አስታወቁ። ፓኤዝም በዚያው ዓመት በጣና ዳር በጎርጎራ ሞተ።

በእርሱ ፈንታ በ1617 ዓ.ም. ከሮም ተሾሞ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ እንደ ፓኤዝ አልነበረም። በ1618 ዓ.ም. በየካቲት ወር ንጉሡ በደንቀዝ በመኳንንቱ ፊት ለሮም ሊቀ ጳጳሳት መታዘዛቸውን ማሉ። ከዚያ ወዲያ ካህናቱ ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ፥ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ አብያተ ክርስቲያናቱም ዳግመኛ እንዲባረኩ ታዘዘ። ግዝረትና የቀዳሚት ሰንበት አከባበር ይቅር፥ አጽዋማትና በዓላትም በሮም አቈጣጠር ይሁኑ ተባለ። ካህን የነበረው ካህን አይደለህም፥ የተጠመቀው አልተጠመቅህም የተባለ ያህል ሆነ። ስለዚህ ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ መሆኑ ቀርቶ በየባላገሩ ቤት ገባ። በትግሬ ሌላው የንጉሡ አማች ተክለ ጊዮርጊስ ሸፈተ፤ በላስታም በ1621 ዓ.ም. ገደማ መልክአ ክርስቶስ ተነሣ፤ ከበጌምድርም ብዙ ገበሬ ወደ እርሱ ጐረፈ። ከዓባይ ማዶ ያለውን የጎጃምን አገር ደግሞ የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ይገዛው ነበር፤ እርሱም ለሮም ሃይማኖት ከሁሉ ይልቅ የሚቀና ነበር።

በ1624 ዓ.ም. በሰኔ የመልክአ ክርስቶስ ሰዎች ከላስታ ወርደው ወይና ደጋ በሚባለው ስፍራ ከንጉሡ ጦር ጋራ ተጋጠሙ። ድሉ የንጉሡ ሆነ። የኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች የሞቱትን ባላገሮች እስከ 8000 ያደርሷቸዋል። በማግስቱ ንጉሡን በሬሳው መካከል ይዘዋቸው እንደ ዞሩና መኳንንቱ ከልጃቸው ከፋሲለደስ ጋራ ሆነው፥ የወደቁት አረመኔም እስላምም እንዳይደሉ፥ ክርስቲያንና የገዛ ዘመዶቻቸው እንደ ሆኑ፥ እንዲህ ያለው ድልም ድል እንዳይባል እንደ ነገሯቸው ይተረካል። ያሸነፉት ንጉሥ እንደ ተሸነፈ ሰው አዘኑ። ጥቂት ቀን ቆይተውም ነጋሪት አስጐስመው ዐዋጅ አስነገሩ። የዐዋጁም ፍሬ ነገር፥ ያችን ሃይማኖት መልካም መስሏቸው ሰጥተዋት እንደ ነበር፥ ነገር ግን ስፍር ቍጥር የሌለው ሕዝብ ስለ እርሷ እንዳለቀ፥ ስለዚህም የአባቶችን ሃይማኖት እንደ መለሱ፥ የቀድሞዎቹ ካህናትም ታቦታቸውን ይዘው ወደየቤተ ክርስቲያናቸው ገብተው እንዲቀድሱ የሚል ነበር። መንግሥቱንም ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በ1625 ዓ.ም. በመስከረም ዐረፉ፥ በአዘዞ በገነተ ኢየሱስም ተቀበሩ።

በዚህ ስፍራ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ዐፄ ሱስንዮስ ሰላምን የተቀበሉት ተሸንፈው አይደለም፤ ድል ባደረጉበት ሳምንት ነው። የተዋጉበትን ነገር እንዳለ መለሱ እንጂ ግማሹን ይዘው ግማሹን አልሰጡም። ስለዚህ ዐዋጁ ስለ ሮም ሃይማኖት የተደረገውን ጦርነት በእውነት ጨረሰው። ከዚያች ሰኔ ወዲህ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሕዝቡን የሮምን ሃይማኖት ተቀበል ብሎ በጦር አላስገደደም። በደምብያና በበጌምድር፥ በሐይቁ ደሴቶችና ዛሬ ባሕር ዳር፥ መሸንቲና ሜራዊ በሚባሉት የጎጃም አገሮች ካህኑ በአባቱ ሥርዐት ይቀድሳል፥ ባላገሩም ቀዳሚትን እንደ ቀድሞው ያከብራል። ዕርቅ ደም ያደርቃል የተባለው በዚህ ተፈጸመ።

ነገር ግን ጦርነት ሁሉ አላለቀም። ይህም በ3 ነገር ይታያል።

መጀመሪያው የላስታ ነገር ነው። መልክአ ክርስቶስ የተነሣው ስለ ሃይማኖት ብሎ ከሆነ፥ ሃይማኖት በተመለሰች ጊዜ መግባት ይገባው ነበር፤ ግን አልገባም። ከነጋሢ ወገን ነበርና ጦሩ በበረታ ጊዜ ዙፋን ተመኘ። ጠቡ ስለ ቀዳሚት ሰንበት ጀምሮ ስለ ዘውድ ሆነ፤ ዐዋጁም ስለ ዘውድ የተናገረው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ዐፄ ፋሲለደስ የአባቶችን ሃይማኖት የመለሰ ንጉሥ ሲሆኑ፥ ስለዚያችው ሃይማኖት ከተነሣው ሰው ጋራ ብዙ ደም አፋሰሱ። መልክአ ክርስቶስ በጦርነቱ ከሞተም በኋላ የላስታ ነገር ቶሎ አልበረደም።

ሁለተኛው የተሸነፉት ወገኖች ነገር ነው። ዐዋጁ ለብዙዎች ሰላም ሲያመጣ ለጥቂቶች መከራ አመጣ። ኢየሱሳውያን በመጀመሪያ ወደ ትግሬ ወደ ፍሬሞና ተሰደዱ፤ በኋላም በ1626 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ ተደብቀው ከቀሩት አንዳንዶቹ ተገደሉ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስም፥ ለንጉሡ ታላቅ ጦር የመራ የቤተ መንግሥት ሰው፥ በግዞት ኖሮ ተገደለ። ሃይማኖቱን አለመውደድ አንድ ነገር ነው፤ በሰላም ዐዋጅ ማግስት የሰውን ደም ማፍሰስ ግን ሌላ ነው። ይህን ሳይናገሩ የዐዋጁን መልካምነት ብቻ መናገር ሚዛን ማጕደል ይሆናል።

ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀው ነው። ኢየሱሳውያን ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ያነሡት ጥያቄ እነርሱ ሲሄዱ አብሮ አልሄደም። ሊቃውንቱ መልስ ለመስጠት በተነሡ ጊዜ እርስ በርሳቸው ተለያዩ፤ በጎጃም የጸናው የቅባት ወገንና የተዋሕዶ ወገን በነገሥታቱ ፊት በጉባኤ ይከራከሩ ጀመር። ይህ ክርክር የጎንደርን ነገሥታት ሁሉ አስጨነቀ፤ ከመኳንንት ጠብ ጋራም ተደባለቀ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ አድርገው ነገሩን እስኪያስፈርዱ ድረስ ከዐዋጁ 246 ዓመት አለፈ። የውጭው ጦር በአንድ ቀን ዐዋጅ ሲቆም፥ ጦሩ የዘራው የውስጥ መለያየት ግን ብዙ ትውልድ በላ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፥ የሰላም ቃል የሚጨርሰው የተነገረለትን ጠብ ብቻ እንደ ሆነ ነው። በአንዱ ጦርነት ውስጥ ሌላ ጦርነት ተፀንሶ ቢገኝ፥ የፊተኛው ሰላም ለኋለኛው ሰላም አይሆነውም። ስለዚህ ሰላም ሲቀርብ ሊመረመሩ የሚገባቸው 3 ነገሮች አሉ፤ አንደኛ፥ ደም የፈሰሰበት ነገር ተመልሶአልን? ሁለተኛ፥ ሁለቱ ወገኖች የሰሙት ቃል አንድ ነውን? ሦስተኛ፥ ጦር የያዙት ሁሉና ከእነርሱ በኋላ የሚነሡት በመሐላው ውስጥ አሉበትን?

ስለ ሁለተኛው ምስክር የሚሆነው የውጫሌ ውል ነው። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋራ የሰላምና የወዳጅነት ውል ተዋዋሉ። በ17ኛው ክፍል የዐማርኛው ጽሑፍ፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች ነገሥታት ጋራ ላላቸው ጕዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ እንደሚቻላቸው ይናገር ነበር። የኢጣልያንኛው ግን የሚቻላቸውን ግዴታ አደረገው፤ በዚህም ምክንያት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በጥገኝነት እንደ ያዘች ለአውሮፓ ነገሥታት አስታወቀች። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ቃል ተጻፈ፤ ስለዚህ የወዳጅነት ውል የተባለው ራሱ የጦር እናት ሆነ። ነገሩ የተቈረጠው በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ነው። በጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ውል የውጫሌን ውል ሻረ፥ የኢትዮጵያንም ፍጹም ነጻነት አስታወቀ። ደም የፈሰሰበት ነገር ተመልሶ ነበርና በነጻነቱ ላይ የተነሣው ክርክር ተዘጋ፤ ሰላሙም ወደ 40 ዓመት ጸና።

ስለ ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነው ይመሰክራል። በሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኢጣልያ ለ20 ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ፈረሙ። በኢጣልያ የነበሩት አዲሶቹ ገዢዎች ግን የዓድዋን ቂም እያነሡ ሕዝባቸውን ያስተምሩ ነበር። 20 ዓመት የተባለው 7 ዓመት ጥቂት አልፎ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ሳኦል በኢያሱ መሐላ ላይ ያደረገውን ፋሽስቶች በገዛ ፊርማቸው ላይ አደረጉት። መሐላ የገባው ሰው ያልፋል፤ መሐላው ግን ከእርሱ በኋላ ለሚነሣው ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። ልጁ ዕዳውን ካላወቀ ሰላሙ ወረቀት ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ምርመራ የዘነጋ ሰላምም ምን እንደሚሆን በቅርቡ ዘመን ታየ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የተነሣው ጦርነት በታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመ ውል ተዘጋ። የድንበር ዳኞች በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ሰጡ፤ ጠቡ የተጀመረባት ባድሜ ግን በፍርዱ መሠረት ሳትሰጥ ቀረች። ስለዚህ ሁለቱ አገሮች ጦርም ሰላምም በሌለበት ኑሮ ከ17 ዓመት በላይ ቆዩ፤ በሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በአስመራ የሰላም ቃል እስኪፈራረሙ ድረስ የአንድ እናት ልጆች በድንበሩ ማዶና ማዶ ተለያይተው ኖሩ።

ደግሞ በጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ታላቅ ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶርያ በተፈረመው ስምምነት ቆመ። የፈረሙት የፌዴራሉ መንግሥትና ሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይ ናቸው። የመድፍ ድምፅ ዝም አለ፤ መንገድ ተከፈተ፤ እህልና መድኃኒት ገባ፤ ብዙ ነፍስም ዳነ። ይህን የሚያቃልል ሰው በዚያ ጦርነት ልጁን ያልቀበረ ነው። ነገር ግን በጦርነቱ ውስጥ የነበሩት የኤርትራ ሠራዊትና የዐማራ ክልል ኀይሎች ከፈራሚዎቹ መካከል አልነበሩም፤ ክርክር ያለባቸው አገሮች ነገርም በሕገ መንግሥቱ ይታይ ተብሎ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ዓመት ሳይሞላ፥ የክልሎች ልዩ ኀይል ይፍረስ ከተባለ በኋላ፥ በዐማራ ክልል በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ መካከል ጦርነት ተነሣ፤ በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ባሕር ዳርና ዙሪያዋም ከዚህ መከራ አልተረፉም። የሱስንዮስ ዐዋጅ የላስታን ነገር እንዳልዘጋው፥ የፕሪቶርያም ፊርማ በገበታው ያልተቀመጡትን ነገር አልዘጋውም።

ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ፥ እንግዲያስ ጦሩን ካልጨረሰ ሰላምን መቀበል ምን ይጠቅማል? ይል ይሆናል። መልሱ ከራሱ ከመጽሐፍ ይገኛል። ኦሪት ዘዳግም በ20ኛው ምዕራፍ ወደ ከተማ ለጦር የሚቀርበው ሕዝብ አስቀድሞ ሰላምን እንዲያቀርብ ያዝዛል። ጌታም በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ፥ በ20000 ሰው የሚመጣበትን በ10000 ለመግጠም የማይችል ንጉሥ ጠላቱ ገና ሩቅ ሳለ መልእክተኛ ልኮ ዕርቅ እንደሚለምን በምሳሌ ተናግሮአል። ነቢዩ ኤርምያስ የነቀፈው ሰላምን የሚሹትን አይደለም፤ የሕዝብን ቍስል ሳያጥቡ ላዩን ብቻ ሸፍነው ድኖአል የሚሉትን ነው። ሐኪም ቍስል ሲያስር የማሰሪያው ጨርቅ መድኃኒት እንዳይደለ ያውቃል፤ ነገር ግን ሳይታሰር ደሙ ይፈስሳልና አስቀድሞ ያስራል፥ ከዚያም ያጥባል።

በኢትዮጵያ የደም ዕርቅ ልማድም ይህንኑ ያስተምራል። ነፍስ የጠፋ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች ገዳይና የሟች ወገን እንዲሁ ይታረቁ ብለው አይለቋቸውም። አስቀድሞ ገዳይ ማጥፋቱን ያምናል፤ ቀጥሎ የደም ካሣ ይቈረጣል፥ ይከፈላልም፤ ከዚያ በኋላ ካህኑ መስቀል ይዞ በሁለቱ ዘመዶች ፊት ያስምላል። የሚምለው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ደም መላሽ ሊሆኑ የሚችሉት ወንድሞችና የአጎት ልጆች ሁሉ ይምላሉ። አንድ ወንድም በሌለበት የተደረገ ዕርቅ ያ ወንድም በመጣ ቀን ይፈርሳልና። ይህ የባላገር ጥበብ ሦስቱን ምርመራዎች ሁሉ ይዞአል፤ የጠፋውን መመለስ፥ በአንድ ቃል መስማማት፥ ማንንም ከመሐላው ውጭ አለመተው። ለሁለት ቤት የሚበጅ ሥርዐት ለሁለት ሠራዊትም ይበጃል።

ስለዚህ በወንበር የተቀመጡ መኳንንት ሰላምን ሲቀበሉ ሥራ የጨረሱ አይምሰላቸው፤ ጀመሩ እንጂ። ድል ያደረገው በድሉ ሳምንት ከሬሳው መካከል ቆሞ የገደልኋቸው እነማን ናቸው ብሎ ይጠይቅ፤ ዐፄ ሱስንዮስ ከዘመናቸው ሥራ ሁሉ በመልካም የሚነሡበት ይህ ነውና። የተሸነፈውም የአንዱን ጠብ ማለቅ ለሌላ ምኞት መሰላል አያድርገው፤ መልክአ ክርስቶስ ሃይማኖቱ ተመልሶለት ሳለ ስለ ዘውድ ሞተ። ካህናት ደግሞ መስቀል ይዘው በመካከል ሲቆሙ ለአንዱ ወገን አይድሉ፤ የሁለቱንም ቃል በሁለቱ ጆሮ ያሰሙ፤ ያልመጣውን ወንድምም ሳይፈልጉ አያስምሉ። ከመሐላውም በኋላ ለልጆች ያስተምሩ፤ ሳኦል የገባዖንን መሐላ አልሰማሁም ቢል ረኃቡ አልቀረለትም።

ኢያሱ ተታልሎ እንኳ የማለውን ጠበቀ፤ ስለዚህ በዘመኑ እስራኤል የገባዖንን ሰዎች አልገደሉም። ሰላም የጸናው ውሉ መልካም ስለ ነበረ አይደለም፤ የማሉት ሰዎች እግዚአብሔርን ስለ ፈሩ ነው። እርሱ የሰላም አምላክ ለሕዝቡ የሚጠበቅ መሐላና የሚጠብቁ ሰዎችን ይስጥ። አሜን።